የጋሽ በዛብህ ዲኤክስ ለምን ወደ ግራ ትጎትት ነበር

መለዋወጫ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ሐጂ ሸምሱ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?»

«መሳፈር» አልኳቸው።

«ይበቃል። የሚያውቅ ሰው ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይውላል» ብለው መጥረጊያ ሰጡኝ።

ይህ ከሆነ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሱቁ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚገበያይበት። ግድግዳው ላይ አንድ ካሊፐር ተሰቅሏል። የብረት ውፍረት እስከ ሚሊሜትር ክፋይ የሚለካ መሣሪያ ነው። እኔ እዚያ በሠራሁበት ዘመን ከምስማሩ ወርዶ አያውቅም። ሐጂ የሚለኩት በአውራ ጣታቸው ነበር። ደንበኛ ያመጣው አሮጌ ዕቃ ውስጥ አውራ ጣታቸውን ይከታሉ፣ ከመደርደሪያ ያነሱት አዲስ ዕቃ ውስጥም ይከታሉ፣ ከዚያ «እሱ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነበር።

በእኛ ሥራ ይህ «ሳምፕል» ይባላል። የዕቃ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። የተበላሸውን ፈትተህ በጋዜጣ ጠቅልለህ ታመጣለህ፤ ሻጩ የሞተውን አይቶ ወንድሙን ይፈልግልሃል።

ማዕረግም ነበረን። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ዕቃ አቀባይ፣ ከዚያ ሞራጅ፣ በመጨረሻ ሻጭ። ሞራጅ ማለት ወንድሙ ሲታጣ የአጎቱን ልጅ በሞረድ ወንድም የሚያስመስል ሰው ነው። የሌላ መኪና ዕቃ ትከሻው ሰፍቶ አልገባ ሲል ሞርሳ ላይ ይታሰርና ይሞረዳል። እኔ በስምንተኛው ወር ሞራጅ ሆንኩ። ግራኝ ነኝ። ሐጂ የመጀመሪያ ሥራዬን አገላብጠው አዩና፣ «የሰው ሁሉ ሞረድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ያንተ ወደ ግራ። ይሁን፣ መኪና ይህን አያይም» አሉ።

ሐጂ እርጅና ተጫጭኗቸው ቤት ሲቀመጡ እኔ ጌጃ ሰፈር የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ካሊፐሩን መረቁልኝ። ወስጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

የሱቄ ቋሚ ደንበኛ ጋሽ በዛብህ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ለቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ነጭ ዲኤክስ መኪና አለቻቸው። ዲኤክስን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ዕድሜዋ ከብዙዎቻችን ትዳር ይበልጣል። ጋሽ በዛብህ ጋራዥ አይገቡም። ከሕንፃው ሥር ካርቶን ያነጥፋሉ፣ ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ሽርጥ ይታጠቃሉ፣ ካቻቢቴና መፍቻቸውን በተርታ ይደረድራሉ፣ የፈቱትን ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። እንደ ቆጣሪ፣ ከነቀኑ።

«ኑሪ፣ ይሄ ዕቃ ኦሪጅናል ነው?» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናል ቢሆን እኔ ሱቅ ምን ይሠራል?»

«አንተን የምወድህ ለዚህ ነው፤ ስትዋሽ እንኳ ተጠንቅቀህ ነው።»

መኪናዋ አንድ አመል ነበራት። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች። ጋሽ በዛብህ ከገዟት ጀምሮ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ይህን አመል ለማረም ያላደረጉት የለም። ሻንጣ መጫኛው ውስጥ በስተቀኝ አንድ ከረጢት አሸዋ አስቀመጡ። ከግራው ጎማ በላይ ያለውን ባሌስትራ በጎማ ቁራጭ ከፍ አደረጉት። የቀኙን ጎማ ነፋስ ቀነሱ። ባትሪውን ሳይቀር ከቦታው አንስተው ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ ለዚያ የሚሆን ረጅም ገመድ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። የአሸዋውን ሐሳብም ያደነቅሁት እኔ ነኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ጋሽ በዛብህ እጃቸውን አሠለጠኑት። ፍሬን ሲረግጡ መሪውን ወደ ቀኝ ሳብ ያደርጋሉ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

ባለፈው ክረምት ግን በዝናብ፣ በተክለ ሃይማኖት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ኋላዋ ዞረ። መኪናዋ በጎን ተንሸራታ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። አጠገባቸው ግን ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ብዙ አላወሩም። እቤት ሲደርሱ «መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አሉና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«መኪናዋ ናት» አሉ ጋሽ በዛብህ።

«መኪናዋ አይደለችም። እጅህ ነው። ሰባ አንድ ዓመትህ ነው።»

ልጆቹም በስልክ ከእናታቸው ጋር ወገኑ። ነገሩ ሲከር ከዚያው ሕንፃ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡና ውል አወጡ። የዓመታዊ ምርመራው ጊዜ ደርሶ ነበር። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ቀርባ ካላለፈች ለቁራሌ ትሸጣለች። መንጃ ፈቃዱ ደግሞ፣ መኪናዋ ብታልፍም እንኳ፣ ጥፋቱ የእጃቸው እንዳልነበረ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ካልመሰከረ ከቁም ሳጥን አይወጣም። እስከዚያ ወደ ምርመራ የሚነዳት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነ፤ ጋሽ በዛብህ ጎን ይቀመጣሉ።

ጋሽ በዛብህ ይህን ሲነግሩኝ ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ኑሪ፣ መኪናዋ ብትሸጥ እችላለሁ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ‹በዛብህ እጁ ደከመ› ብሎ ሲያዝንልኝ ግን አልችልም። ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ ተነስታ ቦታ ለቀቀችልኝ። አስካለ ነግራት መሰለኝ።»

ቀድሞ ምርመራ ማለት መርማሪው ገብቶ ፔዳል ረግጦ «ይይዛል» የሚልበት ነበር። ዘንድሮ የሄዱበት ጣቢያ ማሽን አለው። ጎማዎቹ የሚሽከረከር ብረት ላይ ይወጣሉ፣ ማሽኑ የግራና የቀኙን ጉልበት ለየብቻ ይለካና ወረቀት ይተፋል። የዲኤክሷ ወረቀት የኋላ ግራ ጎማ ከቀኙ በጣም አብዝቶ እንደሚይዝ ተናገረ። ወደቀች።

ጋሽ በዛብህ ወረቀቱን እንደ መብራት ቢል አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱ። የኋላውን ግራ ጎማ ፈቱ። እንደ አጋጣሚ የፍሬን ሲሊንደሩ ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል። ሲሊንደሩ ጎማው ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ቱቦ ነው፤ ፔዳል ሲረገጥ የፍሬኑን ሸራ ወደ ውጭ የሚገፋው እሱ ነው። «ሌባውን ያዝኩት» ብለው በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ።

ተቀብዬ አየሁት። አውራ ጣቴን ከተትኩ። ከመደርደሪያ አንዱን አንስቼ አውራ ጣቴን ከተትኩ። እሱ ነው። ትከሻው ግን አሮጌው ላይ ተሞርዷል፣ አዲሱ ላይ አልተሞረደም። ስለዚህ ሞርሳ ላይ አስሬ አሮጌውን እያየሁ አዲሱን ሞረድኩት። ሥራዬን ጨርሼ ሳስተያያቸው ልክ እንደ መንታ ሆኑ። ኮራሁ። የዲኤክስ ዕቃ ዲኤክስ ላይ ለመግባት ለምን ይሞረዳል ብሎ መጠየቅ የማንም ሕፃን ሐሳብ ነው። እኔ ሕፃን አልነበርኩም፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልምድ ነበረኝ።

«የቀኙንስ ልፍታው?» አሉኝ ጋሽ በዛብህ።

«ደህናውን ምን ያደርጉታል? ጋሼ፣ ያልተበላሸ አይነካም።»

ሁለተኛው ምርመራ ላይም ወደቀች። ልዩነቱ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ በዛብህ የግራውን ሸራ ቀየሩ፣ ሸራው የሚጫነውን ታምቡር በአሸዋ ወረቀት ፈተጉ፣ ሕንፃው ሥር ረግጠው ቢሞክሯት መጎተቷ እንዳለ ነው። አንድ ዕድል ብቻ ቀረ። እትዬ አስካለ ከቁራሌው ጋር መነጋገር ጀምረዋል አሉ። እንዲያውም ቁራሌው መጥቶ መኪናዋን ዞሮ አይቶ፣ «አሸዋውም አብሮ ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠይቋል።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሽ በዛብህ ሁለት የጋዜጣ ጥቅል ይዘው መጡ። አንዱ መጀመሪያ ያወጡት የግራ ሲሊንደር ነው። ሌላው የቀኙ። ምክሬን አልሰሙም፤ ደህናውን ፈትተውታል። ከኪሳቸው ማጉያ መነጽር አወጡ፣ የሥራ ዘመናቸው ዕቃ ነው፣ የደበዘዘ ቆጣሪ የሚያነቡበት።

«ሆዱ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

«ዓይኔ ጋሼ…»

«ዓይንህ ደህና ነው። አንብብ።»

የግራው ብረት ላይ ሦስት አራተኛ ኢንች ይላል። የቀኙ ላይ አሥራ አንድ አሥራ ስድስተኛ። የግራው ይሰፋል ማለት ነው፤ የሰፋ ሲሊንደር በዚያው ፔዳል አብዝቶ ይገፋል። ለአውራ ጣት ልዩነቱ አይታወቅም። ለማሽን ይታወቃል። እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ለማንም ይታወቃል።

«አንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቆጣሪዎች የተለያየ ካነበቡ» አሉ ጋሽ በዛብህ፣ «አንደኛው ውስጥ የሰው እጅ ገብቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ነገር ነው።»

ካሊፐሩን ከግድግዳ አወረድኩ። ጥርሱ ዝጎ አልከፈት አለኝ፣ የፍሬን ዘይት ጠብ አድርጌ አላቀቅሁት። ለካሁ። ብረቱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው። የግራው ሲሊንደር የትንሽ ፒካፕ ዕቃ ነው፤ ዲኤክስ ላይ እንዲገባ ትከሻው ተሞርዷል።

ያኔ ነው አሮጌውን ወደ ብርሃን አዙሬ ሞረዱን ያየሁት። ወደ ግራ ያዘነብላል።

በዚያ መንገድ ላይ ግራኝ ሞራጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐጂ ሱቅ እያለሁ ሞርጄ የሸጥኩት ነው፤ ያለፈው ባለቤት ገጥሞታል፣ ጋሽ በዛብህ ከነመኪናዋ ገዝተውታል፣ አሥራ አራት ዓመት በአሸዋና በጎማ ቁራጭ ታግለውታል፣ ዘንድሮ ደግሞ መልሰው አምጥተውልኝ መንታውን ሠርቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

«ማን ይሆን ይሄን ጉድ የሠራው?» አሉኝ።

«ያለፈው ባለቤት መካኒክ ይሆናል» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የነገደው።

«እጁ ይሰበር ልል ነበር፤ እንጀራ ፈላጊ ነው፣ ይቅር» አሉና መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ስማ ኑሪ። እሑድ ቤት መጥተህ ለአስካለ መስክርልኝ። ከአንተ የተሻለ ዕቃ የሚያውቅ ሰው የለኝም።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሁለት ቀን መርካቶ ስዞር ዋልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ በአውራ ጣት ሳይሆን በቁጥር። ትክክለኛውን ሲሊንደር ከነጥንዱ አገኘሁ። በልቤ የምስክርነት ቃሌንም አዘጋጀሁ። «ዕቃው የሌላ መኪና ነው፣ የገጠመው አይታወቅም፣ ጋሽ በዛብህ ንጹሕ ናቸው።» አጭር፣ እውነትም የሚመስል።

እሑድ ረፋድ ላይ ደረስኩ። ነጭ ሱሪ ለብሻለሁ፤ ምስክር ነኛ። ከሕንፃው ሥር ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ የራሳቸውን ወንበር ይዘው ወርደው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሁለቱን ሲሊንደሮች አሳየኋቸው። ቁጥሩን በማጉያ መነጽሩ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ።

«እና ይሄ ነው ያዞረን?»

«ይሄ ነው እትዬ። ጋሼ በእጃቸው ባያርሟት ኖሮ ገና ድሮ ትዞር ነበር።»

«ማን አስገባው?»

ያዘጋጀሁት ቃል ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጋሽ በዛብህን አየኋቸው። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ደግሞ «አይታወቅም» የሚል መልስ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። የማይታወቅ ሰው ጥፋት ተመልሶ ቅርብ ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ሞረዱ የእኔ ነው። ሐጂ ሸምሱ ጋ ስሠራ ሞርጄ የሸጥኩት ነው። ዘንድሮም ደግሜ ሞርጄ ለጋሼ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ያለፈው ባለቤት መካኒክ ነው ያልኩት ውሸት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ባለፈው ወር የካንዴላ ጥንድ ከእኔ ገዝተዋል፤ ስለ ካንዴላው ማሰብ እንደጀመሩ ፊታቸው ላይ አነበብኩ።

ጋሽ በዛብህ አሮጌውን ሲሊንደር አንስተው ሞረዱን አዩ። ከዚያ «ባትሪውን ወደ ቀኝ ላዛውር ስልህ ‹ጥሩ ሐሳብ ነው› ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ገመድም ሸጠህልኛል።»

«ሸጫለሁ።»

እትዬ አስካለ ወደ ባላቸው ዞሩ። «አሥራ አራት ዓመት ‹ወደ ቀኝ ለምን ትጎትታለህ› ብዬ ስጨቀጭቅህ፣ ለካ ነፍሴን እየጠበቅክ ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ነገርከኝ። አንተ ብዙ ትናገራለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ተነስ። ያስገባኸውን አውጣው።»

እዚህ ላይ ሌላም ነገር መናዘዝ አለብኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የመኪና ዕቃ ስሸጥ አንድም ቀን መኪና ሥር ተኝቼ አላውቅም ነበር። ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ የሚገጥም ሌላ ነው። ጋሽ በዛብህ ካርቶኑን አስተካክለው አነጠፉልኝና መፍቻ አቀበሉኝ። ሞረድኩት እንጂ እንዴት እንደሚፈታ አላውቅም። እሳቸው ከላይ ያዝዙኛል፣ እኔ ከሥር እሠራለሁ። «ወደ ግራ ነው የሚፈታው። የአንተ ግራ አይደለም፣ የሰው ግራ።»

ሁለቱንም ወገን ቀየርን። ከዚያ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት አለ፤ ለዚህ አንድ ሰው ፔዳል ላይ መቀመጥ አለበት። እትዬ አስካለ ማንም ሳይጠይቃቸው ገብተው መሪው ጋ ተቀመጡ።

«ይርገጡ» አልኩ ከሥር። «ይያዙ። ይልቀቁ።»

«ይሄ ነገር እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አሉ ከላይ።

«አዎ» አሉ ጋሽ በዛብህ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

የፍሬን ዘይቱ ነጩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። አሸዋውን አወረድን፣ የጎማ ቁራጩን አነሳን፣ ባትሪውን ወደ ቦታው መለስን። መኪናዋ የጋሽ በዛብህን ፈጠራ ሁሉ አውልቃ ፋብሪካው እንደሠራት ቆመች። እሳቸው ትንሽ ከፋቸው መሰለኝ። እትዬ አስካለ ወደ ቤት ወጥተው ሲመለሱ መንጃ ፈቃዱን ይዘው ነበር። ለባላቸው ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ስጠው» አሉ። ሰጠኋቸው።

ሦስተኛው ምርመራ ላይ እኔም ሄድኩ፤ የእትዬ አስካለ ትእዛዝ ነው። ወረቀቱ ወጣ። ግራና ቀኙ ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ጋሽ በዛብህ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡ፣ ቦሎዋን መስታወት ላይ በእጃቸው ለጠፉ።

መልስ ላይ የነዱት እሳቸው ናቸው፣ እትዬ አስካለ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ሜክሲኮ ስንደርስ መብራት ያዘንና ፍሬን ረገጡ። እጃቸው አሥራ አራት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሳበ። አሁን የምትጎትት መኪና ስለሌለች ወደ ቀኝ ወጥተን የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ታከን ቆምን። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀብን።

«መኪናዋ ተስተካክላለች» አሉ እትዬ አስካለ መስኮቱን እየዘጉ። «አንተ ቀረህ።»

ጋሽ በዛብህ ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ሳምንት በጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ መርገጥና አለመሳብ ሲለማመዱ ከረሙ። እትዬ አስካለ ጎናቸው ይቀመጡ ነበር፤ ቀበቶአቸውን ይታጠቃሉ፣ ግን ይቀመጣሉ።

እኔን ኮንዶሚኒየሙ እስከ ዛሬ «ሞራጁ» ይለኛል። የካንዴላው ሽማግሌ በማግስቱ መጥተው ካንዴላቸውን በማጉያ መነጽር አስመረመሩኝ። ደህና ነበር፤ አላመኑኝም፤ ልክ ነበሩ። ጥቂት ደንበኞች ቀሩ። የመጡት ግን የሚመጡት ቁጥር ይዘው ነው፣ ሥራውም ፈጠነ። የበር እጀታ እስካሁን እሞርዳለሁ። ፍሬን አልሞርድም። አሁን ሱቄ የሚመጣ ሰው የአንድ ጎማ ዕቃ ለመግዛት ሁለት ጎማ እንዲፈታ አዛለሁ፤ ጎረቤት ነጋዴዎች ይስቁብኛል፣ ደንበኛውም ያጉረመርማል።

በዚህ ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። የተበላሸውን ብቻ ይዞ የመጣ ደንበኛ ግማሹን ነው ያመጣው። ደህናውንም አስፈቱት፣ ጎን ለጎን አስቀምጡት፣ ለኩት፣ ከዚያ ሽጡ።